ዕቅዱ ገሳይ ሲደርስ

የመንግሥት የልማት ዕቅድ አዲስ አበባ ላይ ወፍራም መጽሐፍ ነው፤ ወረዳ ሲደርስ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ሠንጠረዥ ይሆናል። ከግራ «ዝርዝር ተግባር» ይላል፤ ቀጥሎ «መለኪያ»፣ «የዓመቱ ግብ»፣ አራቱ ሩብ ዓመቶች፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «አፈጻጸም በመቶኛ»። ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ በሚያወጣው አውራ ጎዳና ላይ ለምትገኘው ለገሳይና ለመሰሎቿ ትንንሽ ከተሞች፣ የትኛው ሥራ ተይዞ የትኛው እንደሚታለፍ የሚታየው እዚህ ሠንጠረዥ ላይ ነው። ቀርቦ ማየቱ አይከፋም።

ከመጽሐፍ ወደ ሠንጠረዥ

ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የአምስት ዓመት ዕቅድ የጀመረችው በ1950 ዓ.ም. ነው። በንጉሡ ዘመን ሁለት ሌሎች ተከትለውታል። ደርግ በ1971 ዓ.ም. ማዕከላዊ የፕላን መሥሪያ ቤት አቋቋመ፤ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ የዐሥር ዓመት መሪ ዕቅድ ጀመረ። ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. ሁለት የዕድገትና የትራንስፎርሜሽን ዕቅዶች ተፈራርቀዋል። አሁን ያለንበት ከ2013 እስከ 2022 ዓ.ም. የሚዘልቀው የዐሥር ዓመት የልማት ዕቅድ ነው። ይህኛው ቅድሚያ የሰጣቸው ዘርፎች አምስት ናቸው፦ ግብርና፣ ማኑፋክቸሪንግ፣ ማዕድን፣ ቱሪዝምና ዲጂታል ቴክኖሎጂ።

ዕቅድ ያለ በጀት አይወርድም። የፌዴራሉ ድጎማ ለክልሎች የሚከፋፈልበትን ቀመር የፌዴሬሽን ምክር ቤት ይወስናል፤ ክልሉ ደግሞ ከራሱ ገቢ ጋር ደምሮ ለወረዳዎች ይደለድላል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የወረዳ ጥቅል ድጎማ ከተጀመረ ወዲህ፣ የደረሰውን ገንዘብ ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለግብርና ወይም ለመንገድ አከፋፍሎ የሚያጸድቀው የወረዳው ምክር ቤት ነው። በጀቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ነገር ግን አብዛኛው ለደመወዝ ስለሚውል ለአዲስ ሥራ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ጉድለቱን የሚሞላው ሕዝቡ ነው፤ በጥርና በየካቲት አካፋና ዶማ ይዞ ለተፋሰስ ልማት ይወጣል፤ ትምህርት ቤት ሲሠራ እንጨትና ድንጋይ ያቀርባል።

የሦስት ቢሮ ሀብት

ገሳይ ያላትን ለማየት ከመንገዱ መጀመር ይሻላል። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በገሳይ፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና አድርጎ ወልድያ የሚደርሰው አውራ ጎዳና በቻይና መንግሥት ድጋፍ በደርግ ዘመን የተሠራ ነው፤ ዛሬም «የቻይና መንገድ» የሚለው ስም አልለቀቀውም። ከባሕር ዳር በመኪና ላሊበላ የሚሄድ ጎብኚ የሚያልፈው በዚሁ ነው። ከመንገዱ በስተደቡብ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ይታያል። ጣና የሚገቡት ርብና ጉማራ የሚነሡት ከጉና ነው፤ አናቱን ጅባራ ያለበሰው ውርጫማ ምድር ነው።

በዚህ ደጋ ገብሱና ባቄላው እንዳለ ሆኖ የገበያው ጌታ ድንች ነው። በመኸር ሰሞን አይሱዙው መንገድ ዳር ቆሞ ድንች በማዳበሪያ ይጫንበታል። ገበሬው ግን ሁሉም በአንድ ሳምንት ስለሚያወጣ ደላላ በቆረጠለት ዋጋ ይሸጣል፤ እንዳያቆየው ድንች እንደ ገብስ ጎተራ ገብቶ አይከርምም።

ለዘር የሚሆነውን ለማቆየት የግብርና ባለሙያዎች የሚያስፋፉት ቤት አለ። ጎኑ ክፍት የሆነ፣ ጣሪያው ፀሐይ የሚከላከል፣ ውስጡ በእንጨት ርብራብ የተደራረበ ነው። ድንቹ በየርብራቡ ላይ ሳይቆለል በሥሡ ይሰጣል። ብርሃን ሲያገኝ ቆዳው አረንጓዴ ይሆናል፤ አይበላም፣ ቡቃያው ግን አጭር፣ ወፍራምና ጠንካራ ይሆናል። ጨለማ ውስጥ የከረመ ዘር ቡቃያው ነጭና ቀጭን ሆኖ ይረዝምና ገና ሲነካ ይሰበራል። ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ይህ ቤት ገበሬው ለሚቀጥለው ወቅት ጤነኛ ዘር እንዲይዝ፣ ተርፎትም ለጎረቤት እንዲሸጥ ያስችለዋል።

በሠንጠረዡ ላይ ይህ ማከማቻ የግብርና ጽሕፈት ቤት ሥራ ነው። ድንቹን ጠብሳ መሸጥ የምትፈልግ ወጣት ደግሞ የሌላ ጽሕፈት ቤት ናት። የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ስትራቴጂ በ1990 ዓ.ም. ወጥቶ በ2003 ዓ.ም. ተሻሽሏል። በተሻሻለው መሠረት በአገልግሎት ዘርፍ ከባለቤቱና ከቤተሰቡ ጋር እስከ 5 ሰው የሚያሠራና ጠቅላላ ሀብቱ ከ50,000 ብር ያልበለጠ «ጥቃቅን» ተባለ። ወጣቶች ይደራጃሉ፣ ይሠለጥናሉ፣ ሼድ ይጠብቃሉ፣ ብድር ይጠይቃሉ። በአማራ ክልል ብድር ሲባል ለብዙ ዓመት የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) ማለት ነበር፤ ማስያዣ ለሌለው ሰው በቡድን ዋስትና እያበደረ ገጠር ድረስ የገባው ይህ ተቋም ኋላ ፀደይ ባንክ ሆኗል። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ 10 ቢሊዮን ብር የተመደበለት የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ በሕግ ተቋቁሟል።

ሦስተኛው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ነው። የእሱ ዝርዝር ደብረ ታቦር ላይ ይበዛል። አፄ ቴዎድሮስ በውጭ አገር የእጅ ባለሙያዎች መድፍ ያሠሩበት ጋፋት ከከተማዋ አጠገብ ነው። 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ እዚያ ተሠርቶ፣ በ1860 ዓ.ም. ንጉሡ ራሳቸው እያስጠረጉ ባስወጡት መንገድ በጋይንት በኩል ወራት ፈጅቶ መቅደላ ገብቷል። በጥር 25 ደግሞ የመርቆሬዎስ በዓል የፈረስ ጉግስ አለ።

ያልተጻፈው ረድፍ

ሦስቱም ጽሕፈት ቤቶች በየራሳቸው ሠንጠረዥ መቶ በመቶ ሊፈጽሙ ይችላሉ። አንዱ የተሠሩ ማከማቻዎችን፣ ሁለተኛው የተደራጁ ወጣቶችን፣ ሦስተኛው የመጡ ጎብኚዎችን ቆጥሮ ሪፖርት ያደርጋል። ላሊበላ የሚሄደው መኪና ግን ገሳይ ላይ ሳይቆም ያልፋል። የሚያስቆመው ንጹሕ መጸዳጃ ቤት፣ የሚቀመስ ምግብ፣ ጉናን የሚያስጎበኝ የአካባቢው ልጅ ያስፈልገዋል። ይህን ለብቻው የሚሠራ ቢሮ ስለሌለ በማንም ሠንጠረዥ ላይ ረድፍ አያገኝም። ሠራተኞቹ «ዕቅዱ አልተናበበም» የሚሉት ይህንን ነው።

ሲናበብ ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። በዚያው ጎዳና ወደ ወረታ ሲወረድ የአውራምባ ማኅበረሰብ አለ። ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት ይህ መንደር ጎብኚውን በራሱ ልጆች ያስጎበኛል፣ ሽመናውን ያሳያል፣ የሸመነውን እዚያው ይሸጥለታል። ጎብኚው፣ ሙያውና ሽያጩ አንድ ግቢ ውስጥ ስለሆኑ ብሩ ከመንደሩ አይወጣም። ከማንኛውም ቢሮ ሠንጠረዥ አስቀድሞ የቆመው የመንደሩ ሕይወት ነው።

ዕቅድ ብቻውን የማይፈታውም አለ። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ድረስ ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ክልሉን የያዘው ግጭት መንገዱን ለነጋዴም ለጎብኚም አስቸጋሪ አድርጎታል። መንገድ ሲዘጋ ድንቹም አይጫንም፣ ብድሩም አይመለስም። ሰላም ለቱሪዝም ብቻ የሚፈለግ ነገር አይደለም፤ ሦስቱም ሠንጠረዦች የቆሙት በእሱ ላይ ነው።

የሆነ ሆኖ ሐምሌ በየዓመቱ ይመጣል፤ ከዚያ በፊት በየቀበሌው ስብሰባ ይጠራል። የተለመደው ጥያቄ «ምን ትሠሩልናላችሁ?» ነው፤ መልሱም የዘርፎች ዝርዝር ይሆናል። የሚሻለው ጥያቄ ሌላ ነው፦ የድንች ማከማቻው ሲሠራ የሚገዛው ማን እንደሆነ ታስቧል? የተደራጁት ወጣቶች ሼድ የሚያገኙት መኪና ከሚቆምበት ነው ወይስ ቦታ ስለተገኘ ብቻ ከከተማው ጀርባ? ሦስቱ ጽሕፈት ቤቶች በጋራ የሚጠየቁበት አንድ ረድፍስ አለ? እንዲህ ያለ ረድፍ ብዙ በጀት አይጠይቅም፤ ሦስቱ ኃላፊዎች በአንድ ወረቀት ላይ መፈረማቸውን ግን ይጠይቃል።