የፈረስ የዝንብ ገምባሌ አመራረጥና አጠቃቀም

«ዝንብ ቢሰበሰብ ጋን አይከፍትም» ይባላል። ነገሩ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ጋን የማይከፍተው ዝንብ የፈረስን ቆዳ መክፈት አያዳግተውም። ስለዚህም በባሕር ማዶ ፈረስ አርቢዎች ዘንድ የተለመደ፣ ከጉልበት በታች የሚታሰር፣ ከመረብ የተሠራ የዝንብ ገምባሌ አለ። ዕቃው ቀላል ነው። ሆኖም አመራረጡን ሳያውቅ የሚያዝዝ ነጋዴ ገንዘቡን፣ አጠቃቀሙን ሳያውቅ የሚገዛ ባለፈረስም እንስሳውን ሊጎዳ ይችላልና ነገሩን ከሥሩ መመልከት ይጠቅማል።

ዝንቡና ጉዳቱ

የፈረስን እግር አብልጦ የሚያስቸግረው የጋጣ ዝንብ የሚባለው ነው። መልኩ የቤት ዝንብን ይመስላል፤ ነገር ግን አፉ እንደ መርፌ ወደ ፊት የሾለ ሲሆን ወንዱም ሴቷም ደም መጣጮች ናቸው። የሚነክሰው በቀን ብርሃን ነው፤ የሚመርጠውም የታችኛውን እግር፣ ይልቁንም የፊተኞቹን እግሮች ነው። ፈረስ ጎኑን በጭራው ይከላከላል፤ ለታችኛው እግሩ ግን መሬት ከመርገጥ በቀር መሣሪያ የለውም። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ እግሩን እያነሣ መሬቱን ይደበድባል። በዚህም ምክንያት ሰኮናው ይሰነጠቃል፣ የብረት ጫማው ይላላል፣ መገጣጠሚያውና ጅማቱ ይደክማል፤ መኖውንም በሰላም ስለማይበላ ይከሳል። በእግሩ ላይ የሚቀባ የዝንብ መድኃኒት ቢኖርም በጤዛና በእርጥብ ሣር ቶሎ ይታጠባል።

ከዚህ የባሰው ጉዳት በእግሩ ላይ ቁስል ያለ እንደሆነ የሚደርሰው ነው። በቁስል ላይ የሚያርፉ ዝንቦች የጨጓራ ትል እጭ ሊጥሉበት ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ቁስሉ በቀላሉ አይድንም። በኢትዮጵያ ደግሞ የጋሪ ፈረሶችን የሚያጠቃ፣ ከፈንገስ የሚመጣ፣ ቆዳን እያሳበጠ የሚመግል በሽታ አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ዓ.ም. በታተመ ጥናት፣ በ28 ከተሞች ከታዩት 19,082 የጋሪ ፈረሶች መካከል ከመቶ 18.8 የሚሆኑት በዚሁ በሽታ ተይዘው ተገኝተዋል። በሽታው የሚገባው በተላጠና በቆሰለ ቆዳ ነው፤ ዝንቦችም ከፈረስ ወደ ፈረስ እንደሚያዛምቱት ይታመናል። ገምባሌ ይህን በሽታ ያስቀራል ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ከእውነት ይርቃል። ነገር ግን ልኩን ያልጠበቀ ገምባሌ ቆዳን ይልጣል፤ የተላጠው ቆዳም ለበሽታው በር ይከፍታል። ፈረሱ የታመመበት ባለጋሪ የዕለት እንጀራው ይቋረጣል።

ዕቃው ሲመረጥ መታየት የሚገባው

1ኛ. መረቡ። ደኅና ገምባሌ ፕላስቲክ ከተቀባ የፖሊስተር ክር የተሠራ፣ አየር የሚያሳልፍ፣ በእጅ ተጨብጦ ሲለቀቅ ወደ ቅርጹ የሚመለስ ነው። መረቡ ከቆዳው ፈቀቅ ብሎ መቆም አለበት። እጅግ የለሰለሰ እንደሆነ ከእግሩ ጋር ይጣበቅና ዝንቡ በቀዳዳው አሾልኮ ይነክሳል።

2ኛ. ጠርዙ። የላይኛውና የታችኛው ጠርዝ እንደ በግ ፀጉር በለሰለሰ ጨርቅ የተከፈፈ ሊሆን ይገባል። ይህ ክፈፍ ቆዳው እንዳይላጥ ይጠብቃል፤ ገለባና ዝንብም ወደ ውስጥ እንዳይገባ ያግዳል። የውስጥ ስፌቱ በጣት ሲዳሰስ የሚቆረቁር ከሆነ ዕቃው አይወሰድም።

3ኛ. ዘንጉ። ገምባሌው ወርዶ በቁርጭምጭሚት ላይ እንዳይከማች በቁመቱ የተሰፉ ቀጫጭን የፕላስቲክ ዘንጎች አሉት። ጫፋቸው በጨርቅ መሸፈኑ መረጋገጥ አለበት።

4ኛ. ማሠሪያው። ሦስት ወይም አራት ሰፋፊ የቬልክሮ ማሠሪያዎች ያሉት ይመረጣል። ጠባብ ማሠሪያ እንደ ገመድ እግርን ያንቃል።

ስለ ቀለሙ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። በ2019 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በተደረገ ጥናት፣ እንደ ሜዳ አህያ ዥንጉርጉር የሆነ ልብስ በለበሱ ፈረሶች ላይ ያረፉት ትልልቅ የፈረስ ዝንቦች ጥቂት ሆነው ተገኝተዋል። ጥናቱ ግን ስለ ጋጣ ዝንብና ስለ ገምባሌ አልነበረምና፣ ለዥንጉርጉሩ ገምባሌ ተጨማሪ ዋጋ መክፈል የሚያሳምን ምክንያት የለውም።

ዋናው ነገር ልክ ነው

አስመጪው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው ልኩን ነው። የውጭ አገር ፋብሪካዎች ገምባሌን የሚሠሩት ለድንክ ፈረስ፣ ለመካከለኛ ፈረስና ለትልቅ ፈረስ እያሉ በመለየት ነው። በእነርሱ አቆጣጠር ድንክ የሚባለው ትከሻው ጋ ሲለካ ቁመቱ ከ148 ሳንቲሜትር የማይበልጥ ፈረስ ነው። የአገራችን ፈረሶች ደግሞ አብዛኞቹ ከዚህ ልክ በታች ናቸው። እንግዲህ «ትልቅ ይሻላል፤ ጠቦ ከሚያስቸግር ሰፍቶ ይታሰር» በማለት የትልቅ ፈረስ ገምባሌ የሚያዝዝ አስመጪ ሁለት ኪሳራ ያገኘዋል። ዕቃው በእግሩ ላይ ስለሚንሸራተት ገዢው ይመልሰዋል፤ ካልመለሰውም እንዳይወርድ ሲል አጥብቆ ያስረውና ፈረሱን ያቆስለዋል።

ልክ የሚወሰደው በልብስ ሰፊ ሜትር ነው። አንደኛ፣ ከጉልበቱ ሥር እስከ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ያለው የቅልጥም ርዝመት ይለካል፤ ሁለተኛ፣ የቅልጥሙ መካከል ዙሪያ ይለካል፤ ሦስተኛ፣ የቁርጭምጭሚቱ ዙሪያ ይለካል። የኋላ ቅልጥም ከፊተኛው ስለሚረዝም ሁለቱም ለየብቻ መለካት አለባቸው። አስመጪው ከማዘዙ በፊት ዕቃው ሊሸጥበት ባሰበው አገር ከሚገኙ ፈረሶች የጥቂቶቹን ልክ አስወስዶ ከፋብሪካው የልክ ሠንጠረዥ ጋር ቢያስተያይ፣ ቀጥሎም ጥቂት ናሙና አስመጥቶ ቢሞክር፣ የማይሸጥ ዕቃ በመጋዘን ከማከማቸት ይድናል።

አጠቃቀሙ

ገምባሌ የሚታሰረው በጸዳና በደረቀ እግር ላይ ብቻ ነው። መጀመሪያ የመካከለኛው፣ ቀጥሎ የላይኛውና የታችኛው ማሠሪያ ይያያዛል። ማሠሪያዎቹ በእግሩ ውጭ በኩል ሆነው ጫፋቸው ወደ ኋላ ማመልከት አለበት። ከታሰረ በኋላ አንድ ጣት በጠርዙና በቆዳው መካከል በቀላሉ መግባት አለበት። በቅልጥሙ ጀርባ የሚያልፈው ጅማት ሥጋ የማይሸፍነው በመሆኑ የማጥበቅ ጉዳት የሚደርሰው በቀጥታ በእርሱ ላይ ነው።

ፈረሱ ልማድ እስኪያገኝ በመጀመሪያው ቀን ለጥቂት ሰዓት ብቻ ማሰር ይበቃል። ማታ የጋጣ ዝንብ ስለማይነክስ ገምባሌው ወልቆ እግሩ ይቦረሻል፣ ይዳሰሳል። የተላጠ ወይም ያበጠ ቦታ ከተገኘ እስኪድን ድረስ መልሶ ማሰር አይገባም። ጭቃ በበዛበት ቦታም አለማሰር ይሻላል፤ ከክፈፉ ሥር የገባ ጭቃ እንደ ሞረድ ይፍቃልና። ዕቃው በቀዝቃዛ ውኃና በለዘብተኛ ሳሙና ታጥቦ በጥላ ይደርቃል፤ በቬልክሮው ላይ የተያዘው ሣር በማበጠሪያ ይነሣል።

ይህ ገምባሌ ለሩጫና ለዝላይ የሚታሰረው የእግር መከላከያ አይደለም። ቦታው ፈረሱ የሚግጥበት መስክ፣ ጋጣና ቆሞ የሚያርፍበት ሥፍራ ነው። ጋሪ በሚጎትትበት ጊዜ መውለቅ አለበት።

ለአስመጪና ለባለሱቅ

ኮርቻና የእንስሳት መጫኛ፣ ከማናቸውም ነገር ቢሠራ፣ በዓለም አቀፉ የዕቃ አመዳደብ ሥርዓት በ42.01 ቁጥር ሥር ይገኛል፤ የጉልበት መከላከያም በዚያው ተጠቅሷል። አስመጪው የገምባሌውን ምደባ ከጉምሩክ ጋር አስቀድሞ ቢያረጋግጥ በወደብ ከመጉላላት ይድናል። አንዳንዱ ገምባሌ ፐርሜትሪን በሚባል የተባይ መድኃኒት የተነከረ ስለሆነ ይህ በትእዛዙ ላይ ተለይቶ መጻፍ አለበት። መድኃኒቱ ድመትንና ዓሣን ይጎዳል፤ በመታጠብም ኃይሉ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው በአማርኛ ተጽፎ ከዕቃው ጋር ለገዢው ሊሰጥ ይገባል።

ባለሱቁም አራቱን ገምባሌ በአንድነት ብቻ እሸጣለሁ ባይል ይጠቀማል። ዝንቡ አብልጦ የሚነክሰው የፊተኞቹን እግሮች ስለሆነ፣ አቅሙ ያነሰ ባለጋሪ ሁለቱን የፊት ብቻ ገዝቶ ጥሩ ጥቅም ያገኛል።

በመጨረሻም ገምባሌ ዝንብን ይከለክላል እንጂ አይገድልም። የጋጣ ዝንብ የሚራባው ሽንት ባራሰው ገለባና ፋንድያ ውስጥ ነው፤ በሞቃት ወራት ከእንቁላል ተነሥቶ ዝንብ ለመሆን የሚፈጅበትም ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ያህል ነው። ጋጣውን በየሳምንቱ የሚጠርግ ሰው ዝንቡ ሳይበርር ያጠፋዋል። ይህን ለገዢው የሚነግር ባለሱቅ ገበያውን የሚያበላሽ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ፈረሱ ጤና የሆነለት ባለጋሪ ልጓሙንም፣ መጫኛውንም፣ የብረት ጫማውንም ለመግዛት የሚመለሰው እውነቱን ወደ ነገረው ሱቅ ነው።