ያውቁ ኖሯል? የብስክሌት ፍሬም በአንድ ቀን አይሰበርም

ከቢቸና ተነሥቶ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ በሚዘልቀው መንገድ ብስክሌት የሚጋልብ ሰው፣ ፍሬሙ ድንገት ከሁለት ቢከፈልበት፣ ጥፋቱን ሁሉ በመጨረሻዋ ጉድጓድ ማላከኩ አይቀርም፤ ዳሩ ግን ሕፀፁ የቆየ ነው፤ ብረቱ በየዕለቱ ንዝረት ጥቂት በጥቂት እየደከመ፣ ከመሪው አንገት ሥር ባለው ብየዳ አጠገብ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካበጀ ወራት አልፈውት ይሆናል። ቀለሙ በመስመር ሲሰነጠቅ ያየ አስተዋይ ግን አስቀድሞ ይወርዳል። የአረብ ብረት ፍሬም ከመሰበሩ በፊት ብዙ ጊዜ ስለሚጎብጥ ያስጠነቅቃል፤ በሙቀት የጠነከረ አሉሚኒየም ግን ሲበየድ በብየዳው ዙሪያ ኃይሉን ስለሚያጣ፣ ለመንገድ ዳር በያጅ የሚሰጥ ሥራ አይደለም።

የተሰበረ ብስክሌት በመንገድ ላይ ስለ መጠገን ከተነሣ ግን፣ ፈረንሳዊው ብስክሌተኛ ኤውዤን ክሪስቶፍ በሐምሌ 1905 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ ውድድር ከቱርማሌ ተራራ ሲወርድ የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ቢሰበርበት፣ ብስክሌቱን ተሸክሞ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ ተጉዞ፣ ሴንት ማሪ ደ ካምፓን በምትባል መንደር ወደ ብረት ቀጥቃጭ ቤት ገባ፤ ሕገ ውድድሩ የሰው ረድኤትን ይከለክል ነበርና ብረቱን በገዛ እጁ ቀጥቅጦ አበጀው። ዳኞቹ ግን፣ ፍርደ ገምድል ባይባሉ እንኳ ርኅራኄ የጎደላቸው፣ አንድ ብላቴና ወናፍ ስለ ነፋለት የደቂቃ ቅጣት ጨመሩበት።