ያለ እሳት የሚያዝ ቅርጽ፦ የተፈጥሮ ፀጉርን በቤት ውስጥ የመሥራት ጥበብ

የተፈጥሮ ፀጉር የሚባለው በኬሚካል ያልተለሰለሰና በሙቀት ጠባዩን ያልለወጠ፣ ሲበቅል የነበረውን ጥቅልልነት እንደያዘ የቆየ ፀጉር ነው። ይህን ፀጉር ያለ ፔስትራና ያለ ካስክ፣ በእጅ፣ በማበጠሪያና በውኃ ብቻ ቤት ውስጥ የማሳመሪያ መንገዶች ሲቆጠሩ ብዙ ቢመስሉም፣ አብዛኞቹ የአንድ አሠራር ልዩ ልዩ መልኮች ናቸው፤ ፀጉሩ ይረጥባል፣ ርጥብ ሳለ በተፈለገው ቅርጽ ይያዛል፣ በዚያው ቅርጽ እንዳለ ይደርቃል፣ ከዚያም ይፈታል። የዚህን አሠራር ምክንያት የተረዳ ሰው አንዱ ሙከራ ለምን እንደያዘ፣ ሌላው ለምን በሰዓታት ውስጥ እንደተበላሸ በራሱ መለየት ይችላል።

የፀጉር አካል በአብዛኛው ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ሲሆን፣ ከውጭ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ስስ ሽፋን፣ ከሽፋኑ ሥር ደግሞ ጥንካሬውንና ቀለሙን የሚሰጠው ወፈር ያለ ክፍል አለው። ፀጉሩ የሚበቅልበት ከቆዳ ሥር ያለው ከረጢት ቀጥ ያለ ሲሆን ሉጫ፣ የተጠማዘዘ ሲሆን ደግሞ ጥቅልል ፀጉር ያወጣል፤ በተለምዶ ከርዳዳ የሚባለው ፀጉርም ጠፍጠፍ ያለ ሞላላ ውፍረት ስላለው በየመታጠፊያው ለመሰበር የተጋለጠ ነው። ከራስ ቆዳ የሚመነጨው ወዝ በቀጥ ያለ ፀጉር ላይ በቀላሉ ወደ ታች ሲወርድ፣ በጥቅልል ፀጉር ላይ ግን እያንዳንዱ ጥምዝ ስለሚያግደው ጫፉ ሳይደርስ ይቀራል፤ የከርዳዳ ፀጉር ጫፍ ቶሎ የሚደርቀውም በዚህ ምክንያት ነው። ፀጉር በአማካይ በወር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢያድግም ጥቅልሉ ሲደርቅ ስለሚሰበሰብ፣ ከርዳዳ ፀጉር ተስቦ ሲለካ ካለው ርዝመት በግማሽና ከዚያም በላይ አጥሮ ሊታይ ይችላል።

የፀጉርን ቅርጽ የሚጠብቁት በኬራቲን ውስጥ ያሉ ትስስሮች ሲሆኑ፣ ለዚህ ጉዳይ ሁለቱን መለየት ይበቃል። የመጀመሪያው በድኝ አማካይነት የሚፈጠረው ጽኑ ትስስር ነው፤ ይህን ውኃ አይፈታውም፣ ሪላክሰር የሚባለው ማለስለሻ ግን በውስጡ ባለው ብርቱ አልካሊ ሰብሮ ጥቅልሉን እስከ መጨረሻው ያጠፋዋል። ሁለተኛው የሃይድሮጂን ትስስር የሚባለው ደካማ ትስስር ሲሆን፣ ፀጉር ሲርስ ይፈታል፣ ሲደርቅ ደግሞ ፀጉሩ በዚያ ሰዓት ባለበት ቅርጽ እንደገና ይቋጠራል። በቤት ውስጥ የሚሠሩ ቀላል ቅርጾች የሚያዙት በዚህ በሁለተኛው ትስስር ነውና፣ ዳግም ውኃ ሲነካቸው መፍረሳቸው የአሠራር ጉድለት አይደለም፤ የፀጉሩ የቀድሞ ጠባይ ሳይነካ መቆየቱን የሚያሳይ ምልክት ነው።

ይህ አሠራር በኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። ሹሩባ፣ ማለትም ፀጉርን በቀጫጭን መሥመር ከፍሎ ከራስ ቆዳ ጋር እያያዙ መጎንጎን፣ ለሴቶች ብቻ የተተወ ጌጥ አልነበረም፤ ከ1847 እስከ 1860 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም ሹሩባቸውን እንደተሠሩ በሥዕልና በታሪክ ይታወቃሉ። በትግራይ ወፍራምና ቀጭን ጉንጉን እያፈራረቀ የሚሠራው አልባሶ እስከ ዛሬ በአሸንዳ በዓል ጎልቶ ይታያል። በቅቤ ርሶ የተጎነጎነ ፀጉር ቀናት ቆይቶ ሲፈታ ሞገድ የመሰለ ቅርጽ ይዞ መገኘቱ፣ ዛሬ በተለያየ ስም የሚቀርቡት የቤት ውስጥ አሠራሮች የሚመኩበት ውጤት ነው። ሆኖም ቅቤ ራሱ ፀጉርን አያረጥብም፤ ቅባት እንደመሆኑ ሥራው ቀድሞ የገባው ውኃ ቶሎ እንዳይተን መከላከልና ዘለላው እንዳይፋተግ ማለዘብ ነው። በአደስ የተዘጋጀ ለጋ ቅቤም ሆነ የጉሎ ዘይት በደረቅ ፀጉር ላይ ብቻውን ሲቀባ ድርቀቱን ሳያስወግድ የሚያብረቀርቀው ስለዚህ ነው።

ማንኛውም ሙከራ የሚጀምረው ፀጉርን አጥቦ ኮንዲሽነር በመቀባትና በማፍታታት ነው። የታሰረና የተወሳሰበ ፀጉር በደረቁ ቢበጠር ስለሚሰበር፣ ማፍታታቱ ፀጉሩ እርጥብና ልዝብ ሳለ፣ በጣት ወይም ጥርሱ ሰፊ በሆነ ማበጠሪያ፣ ከጫፍ ተነሥቶ ቀስ በቀስ ወደ ሥሩ እየወጡ ይከናወናል። ከዚያ ፀጉሩ በአራት ወይም ከዚያ በላይ በሆኑ ክፍሎች ተከፍሎ ይያዛል፤ በእጅ ካልተያዘው ክፍል ጋር የሚደረገውን ትግል ስለሚያስቀር ይህ ክፍፍል ከሁሉ ይልቅ ጊዜ ቆጣቢ ነው። የተልባ ፍሬ በውኃ ፈልቶ ሲጠለል የሚወጣው ዝልግልግ ፈሳሽ ሲደርቅ በዘለላው ላይ ስስ ሽፋን ስለሚፈጥር፣ ቅርጹን ለማጽናት በመደብር ከሚሸጥ ጄል ጋር የሚቀራረብ አገልግሎት ይሰጣል።

ከቀላሎቹ አሠራሮች መካከል የመጀመሪያው ሁለት ዘለላን እርስ በርስ መጠምዘዝ ሲሆን፣ ከሥር እስከ ጫፍ ተጠምዝዞ አድሮ ሲፈታ የተለየና የተስተካከለ ጥቅልል ይሰጣል። ሁለተኛው ሦስት ዘለላ መጎንጎን ነው፤ ይህ ፀጉሩን የበለጠ ስቦ ስለሚይዝ ሲፈታ ረዘም ያለና ሞገዳማ መልክ ይተዋል። ሦስተኛው የተጠመዘዘውን ዘለላ በራሱ ዙሪያ ጠቅልሎ ከራስ ቆዳ ላይ ትንንሽ ቋጠሮ ማድረግ ሲሆን፣ ቋጠሮው እንዳለ እንደ ጌጥ ሊታይ፣ ሲፈታም ክብ ክብ የሆነ ጥቅልል ሊሰጥ ይችላል። ርዝመት ብቻ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ከፊል የደረቀ ፀጉርን ከሥሩ እስከ ጫፉ በጥጥ ክር ጠቅልሎ በማቆየት መሰብሰቡን ይቀንሳል። ይህ ሁሉ በማይቻልበት ጠዋት በሚዶ ከፍ ከፍ ተደርጎ ክብ መልክ የያዘ ጎፈሬ፣ ወይም ለስላሳ በሆነ ማሰሪያ ከላይ ተሰብስቦ ጫፉ የተተወ ፀጉር፣ ያለ ሌላ ዝግጅት ራሱን የቻለ አሠራር ነው።

ሙከራው ፍሬ የሚያፈራው በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ሲለወጥ ነው። የዘለላው ውፍረት ሲቀንስ ጥቅልሉ ጠባብና ብዙ ይሆናል፣ ሲጨምር ግን ሰፊና ልል ይሆናል፤ ርጥበቱ ከመጠን ያለፈ ከሆነ ወፍራሙ ዘለላ ውስጡ ሳይደርቅ ይነጋል፣ ያለ ጊዜው ሲፈታም ቅርጹ ወዲያው ይበተናል። አሜሪካዊው የፀጉር ባለሙያ አንድሬ ዎከር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያስተዋወቀው፣ ፀጉርን ከሉጫ እስከ ከርዳዳ በአራት ምድብ የሚከፍለው ሥርዓት በሰፊው ቢጠቀስም፣ የሚናገረው ስለ መልኩ ብቻ ነው፤ የአንድ ዘለላ ቅጥነትና ውፍረት፣ ሽፋኑ ውኃን በቶሎ ወይም በዝግታ ማስገባቱ ለመድረቂያው ሰዓት የበለጠ ወሳኝ ናቸው። የአየሩ ጠባይም እንዲሁ ነው፤ በበጋ ደረቅ አየር ለቀናት የሚቆይ ቅርጽ በክረምት፣ ወይም ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚሠሩባቸው እንደ ጅዳና ዱባይ ባሉ የባሕር ዳር ከተሞች ወበቅ ውስጥ፣ በአየሩ እርጥበት ትስስሩ እየላላ ቶሎ ይሰበሰባል፤ በዚያ የሚሻለው ተፈትቶ የሚለቀቅ ጥቅልል ሳይሆን ሳይፈታ የሚቆይ ጉንጉን ነው። ማታ በሳቲን ወይም በሐር ሻሽ መሸፈን የጥጥ ትራስ የሚያደርሰውን ፍትጊያ ስለሚያስቀር የሥራውን ዕድሜ ያራዝማል።

የዚህ ጥበብ ወሰን የሚታወቀው በሥቃይ ነው። አጥብቆ የተጎነጎነ ወይም በየቀኑ በአንድ አቅጣጫ የሚሳብ ፀጉር ከረጢቱን እያወከ፣ በተለይ በግንባርና በጆሮ ግንድ ዳር የሚጀምር መሳሳት ያስከትላል፤ ይህ በመሳብ የሚመጣ የፀጉር መርገፍ እ.ኤ.አ. በ1907 በግሪንላንድ ፀጉራቸውን አጥብቀው በሚያስሩ ሴቶች ላይ የተገለጸ በመሆኑ፣ መነሻው የፀጉሩ ዓይነት ሳይሆን የመሳቡ ኃይል መሆኑ የቆየ ዕውቀት ነው። ገና ሲጀምር ከተገታ ፀጉሩ ይመለሳል፤ ለዓመታት ከቀጠለ ግን ከረጢቱ ጠባሳ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ግንባርን የሚወጥር፣ ራስ የሚያሳምም ወይም በሥሩ ትንንሽ ብጉር የሚያወጣ ጉንጉን ውበቱ ምንም ያህል ቢሆን በዚያው ቀን መፈታት ይኖርበታል። ውኃ ቅርጹን ለማስያዝ ራሱ በቂ ነውና በቤት ውስጥ ለሚሠራ ፀጉር ጉልበት አያስፈልግም፤ ያልተሳካ ሙከራ የሚያስከፍለውም አንድ እጥበት ብቻ ነው።