ተጨማሪ መረጃ፦ ጨረታው ድንበር ይሻገራል?

ደብረ ታቦር ላይ አንድ መሥሪያ ቤት ለተማሪዎች ዴስክ ሊገዛ ግልጽ ጨረታ አወጣ እንበል። ማስታወቂያው በኩር ጋዜጣ ላይ ሊወጣ ይችላል። ተጫራቹ የታደሰ ንግድ ፈቃዱን አያይዞ፣ የጨረታ ማስከበሪያውን በሲፒኦ አስይዞ፣ ዋጋውን በታሸገ ፖስታ ያስገባል። ፖስታው የሚከፈተው ተጫራቾች ወይም ወኪሎቻቸው በተገኙበት ነው፤ የሕዝብን ገንዘብ የሚጠብቀው ይህ ግልጽነት ነው።

የኬንያ ድርጅትስ ከአገሬው እኩል ይወዳደራል? ኢትዮጵያ መጋቢት 2010 ዓ.ም. ኪጋሊ ላይ የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነትን ፈርማ በ2011 ዓ.ም. አጽድቃለች። ሆኖም ይህ ብቻ የመንግሥት ጨረታን ለውጭ ድርጅት እኩል አይከፍትም፤ ለምሳሌ የስምምነቱ የአገልግሎት ንግድ ፕሮቶኮል የመንግሥት ግዥን አይጨምርም። የአገራችን የግዥ ሕግም ለአገር ውስጥ ምርት ልዩ አስተያየት ያደርጋል። ለአገራችን እንጨት ሠራተኞች ይህ ተገቢ ድጋፍ ነው። በከተማችሁ የተለጠፈ የጨረታ ማስታወቂያ ስታዩ ቆም ብላችሁ አንብቡት።