ቪትዝ ለደብረ ብርሃን፦ የትኛው ትውልድ ይሻላል?

«ቪትዝ መኪና ልግዛ ወይ?» ለምትሉኝ ወገኖቼ፣ እንደ መካኒክ ትውልድ በትውልድ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ አገሩን እንይ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር የጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል። 1.0 ሊትሩ ቤተሰብ ጭኖ የአንኮበርን ዳገት ሲወጣ ይደክማል፤ 1.3ቱን ምረጡ።

🔹 1ኛ ትውልድ (እ.ኤ.አ. 1999–2005)፦ አሠራሩ ቀላል ነው፤ አውቶማቲኩ ባለ አራት ማርሽ ነው። ግን 20 ዓመት አልፎታል፦ ዝገቱን፣ ዘይት መብላቱን፣ የመሪውን ጨዋታ ፈትሹ።

🔹 2ኛ (2005–2010)፦ ሰፋ ይላል። 1.0ው ባለ ሦስት ሲሊንደር ሆኗል። ብዙዎቹ ሲቪቲ ካምቢዮ አላቸው፤ የራሱን ዘይት ብቻ ስጡት፣ ሌላው ይገድለዋል።

🔹 3ኛ (2010–2020)፦ ዕድሜው ያነሰ ስለሆነ ከሦስቱ ይሻላል፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል።

አዲስስ? ከ2024 ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ፣ ከውጭ የሚመጣው አዲስ መኪና ኤሌክትሪክ ነው። ከፍታ ጉልበቱን አይቀንሰውም፤ የደጋው ብርድ ግን ባትሪው የሚያስኬደውን ርቀት ያሳጥራል።

ከመክፈላችሁ በፊት፦
✅ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ አስነሱት፤ ጭሱን እዩ።
✅ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ።
✅ ዳገትና ቁልቁለት ላይ ነድታችሁ ካምቢዮና ፍሬኑን ፈትኑ።

የእኔ ፍርድ፦ አቅም ካለ 3ኛው ትውልድ 1.3፤ ከሌለ ደግሞ በደንብ የተያዘ 1ኛ ትውልድ ከተጎሳቆለ 2ኛ ይበልጣል። ሳታስፈትሹ ቀብድ አትስጡ።