የዲስክ መንሸራተት፦ ከወገብ ተነስቶ በእግር ላይ የሚታወቅ ህመም

ከጎንደር ከተማ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ኮሶዬና በአካባቢዋ ደጋማ ቀበሌዎች ወገብ እረፍት የለውም። አርሶ አደሩ ተዳፋት መሬት ያርሳል፣ ጆንያ ይሸከማል፤ ውሃና ማገዶ በአብዛኛው በሴቶች ጀርባ ይጓጓዛል። መምህሩ፣ የግብርና ባለሙያውና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ዳገቱን በእግር ሲወጡ፣ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛው ደግሞ ቀኑን ተቀምጦ ይውላል። በመሆኑም የወገብ ህመም የሁሉም ቤት እንግዳ ነው። አስቸጋሪው ነገር ከዲስክ መንሸራተት የመጣውን ከሌላው ለይቶ ማወቁ ነው።

የአከርካሪ አጥንቶችን እርስ በርስ የሚለያዩ 23 ዲስኮች ይገኛሉ። እያንዳንዱ ዲስክ ውጪው ጠንካራ ቀለበት፣ ውስጡ ለስላሳና ዝልግልግ ሲሆን ጫናን ያበርዳል። "መንሸራተት" የሚለው መጠሪያ የተለመደ ቢሆንም ሁኔታውን በትክክል አይገልጽም። ዲስኩ ከቦታው አይንሸራተትም፤ ቀለበቱ ሲሰነጠቅ የውስጡ ክፍል ወጥቶ በአጠገቡ የሚያልፈውን ነርቭ ይጫናል። ይህን ግንኙነት በግልጽ ያሳዩት ዊሊያም ሚክስተርና ጆሴፍ ባር የተባሉ የቦስተን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1934 ባሳተሙት ጽሑፍ ነው። ከዚያ በፊት የወጣው የዲስክ ክፍል ብዙ ጊዜ እንደ ዕጢ ይቆጠር ነበር።

በጡንቻ መወጠር የሚመጣ ህመም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ወገብ ላይ ይቆያል፤ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥም ይቀንሳል። ዲስክ ነርቭን ሲጫን ግን ህመሙ ከመቀመጫ ተነስቶ በአንድ እግር ከጉልበት በታች ይወርዳል። ታማሚዎች እንደ ኤሌክትሪክ ንዝረት ወይም እንደ እሳት የሚያቃጥል አድርገው ይገልጹታል። በማሳል፣ በማስነጠስ፣ በማማጥና ለረጅም ጊዜ በመቀመጥ ይብሳል፤ መደንዘዝና መውረርም ይከተለዋል። ጀርባ ላይ ተኝቶ እግርን ሳያጥፉ ወደ ላይ ሲያነሱ ያው ህመም እግር ላይ ከተቀሰቀሰ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ችግሩ በአብዛኛው የሚከሰተው በታችኞቹ ሁለት የወገብ ዲስኮች ላይ በመሆኑ ምልክቱም የተጎዳውን ነርቭ ይጠቁማል። በተረከዝ መራመድ ያቃተው፣ የእግሩ አውራ ጣት የደነዘዘ ሰው እና በጣቶቹ ጫፍ መቆም ያቃተው፣ የእግሩ ውጫዊ ጠርዝ የደነዘዘ ሰው የተጎዳባቸው ነርቮች የተለያዩ ናቸው። በአንገት ላይ ሲከሰት ደግሞ ህመሙ በክንድ በኩል እስከ ጣት ይዘልቃል።

ቀጠሮ የማይሰጠው ሁኔታ ሌላ ነው። ሽንት አልወጣ ካለ ወይም ሳይታወቅ ካመለጠ፣ ሰገራን መቆጣጠር ካልተቻለ፣ በብልትና በመቀመጫ አካባቢ ያለው ቆዳ ከደነዘዘ ወይም ሁለቱም እግሮች ከከዱ ታማሚው በዚያው ዕለት ሆስፒታል መድረስ ይኖርበታል። የዘገየ ቀዶ ሕክምና የጠፋውን ስሜት ላይመልስ ይችላል። ከኮሶዬ አንጻር ይህ ማለት ሌሊቱን በቤት ማሳለፍ ሳይሆን፣ በ1947 ዓ.ም. በጤና ማሠልጠኛ ኮሌጅነት ሥራ ወደጀመረው የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በፍጥነት መላክ ነው።

በኢትዮጵያ ሌላም ሊዘነጋ የማይገባው በሽታ አለ። የሳንባ ነቀርሳን የሚያመጣው ተህዋሲ አከርካሪንም ያጠቃል። ለሳምንታት የቆየ የወገብ ህመም ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ ወይም ጀርባ ላይ ጉብታ ከታየ ከዲስክ በፊት ቲቢ ሊመረመር ይገባል። በእነዚህ ሁኔታዎች ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ጀርባን ማስጨመቅና ማስረገጥ አደገኛ ነው፤ የተዳከመውን አጥንት ወይም የተጫነውን ነርቭ ይበልጥ ሊጎዳ ይችላል።

ከአስቸኳይ ምልክቶቹ ውጪ ግን የዲስክ ታማሚዎች አብዛኞቹ ያለ ቀዶ ሕክምና ከ6 እስከ 12 ሳምንታት ባለው ጊዜ ይሻላቸዋል። ለቀናት አልጋ ላይ መዋል ቀድሞ ይመከር የነበረ ቢሆንም ዛሬ ቀሪ ሆኗል፤ ህመሙ በፈቀደ መጠን መንቀሳቀስ ይመረጣል። የኤም አር አይ ምርመራም ለሁሉም አስፈላጊ አይደለም፤ ምንም ህመም በሌላቸው ሰዎች ላይ ሳይቀር የወጣ ዲስክ ሊያሳይ ይችላልና። በረጅም ስብሰባ መካከል ከወንበሩ ተነስቶ ግድግዳ ተደግፎ የሚቆም ሠራተኛ ለመድረኩ ክብር እንደነሳ ሊቆጠር አይገባም፤ ምናልባትም ሐኪሙ ያዘዘውን እየፈጸመ ነው።