የመፈልፈያው ሞተር ሲነክስ፦ ተተኪውን ከመግዛታችሁ በፊት

ዛሬ ዋጋ ከመለጠፍ ይልቅ ዋጋችሁን ስለሚበላ ነገር እናውራ። የእሸት ቡና ግዢ ሲቃረብ ከማጠቢያ ጣቢያዎች ተደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ "መፈልፈያው ደህና ነው፣ ሞተሩ ግን ነክሷል። ሌላ የት ይገኛል?" ከ"የት" በፊት ግን "የትኛው" የሚለው ይቅደም።

መጀመሪያ ሒሳቡ። ቀይ እሸት በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት፤ ተከምሮ ካደረ ይሞቃል፣ ይቦካል፣ ቀማሾች ደግሞ ወዲያው ያገኙታል። 5,000 ኪሎ እሸት ገብቶ ሞተሩ ቆመ እንበል። ለ1 ኪሎ ንጹህ የታጠበ ቡና 6 ኪሎ እሸት ብንይዝ፣ አደጋ ላይ ያለው 830 ኪሎ ገደማ ነው፤ ወደ 49 ፈረሱላ። አልጋ ላይ አስጥታችሁ ጀንፈል ልታደርጉት ትችላላችሁ። ግን እሸቱን የገዛችሁት በታጠበ ሒሳብ ነው፤ ጀንፈል ለመድረቅ ጊዜ ይፈልጋል፣ የባንክ ወለድ ደግሞ አይጠብቅም። የታጠበና ያልታጠበ የዕለት ዋጋ ልዩነትን በ49 አባዙት። የአንድ ቀን መቆም ቢያንስ ይህን ያህል ያስከፍላል።

አሁን ወደ ሞተሩ። ሻጩ መጀመሪያ የሚነግራችሁ የፈረስ ጉልበት ነው። እሱ ብቻ አይበቃም። ከአሮጌው ሞተር ላይ እነዚህን ለክታችሁ ሂዱ፦

1. የዘንጉ ውፍረት። 13 የፈረስ ጉልበት ያለው ሆንዳ ጂኤክስ 390 ላይ የተለመደው ዘንግ 25.4 ሚሊ ሜትር ነው። እሱን መስለው ከተሠሩት ውስጥ 25 ሚሊ ሜትር የሆኑ አሉ። ልዩነቱ በዓይን አይታይም፤ ግን የድሮው ፑሌ በቀጭኑ ላይ ይወላከፋል፣ ቺንጋ ይበላል። በሜትር ሳይሆን በካሊፐር ይለካ።

2. የዘንጉ አቅጣጫ። አብዛኞቹ ተገፊ የሳር ማጨጃ ሞተሮች ዘንጋቸው ወደ ታች የቆመ ነው። ርካሽ ሆኖ ቢቀርብላችሁም ለመፈልፈያ አይሆንም፤ የእናንተ ዘንግ አግድም መሆን አለበት። ወደ ቀኝ ይሁን ወደ ግራ እንደሚዞርም አረጋግጡ።

3. ፍጥነት። ትናንሾቹ የቤንዚን ሞተሮች በደቂቃ እስከ 3,600 ዙር ይሄዳሉ። ኤስ 195 የሚባለው ባለ 12 ጉልበት የቻይና ናፍጣ 2,000 ዙር ነው። ከቤንዚን ወደ ናፍጣ ከቀየራችሁ ፑሌውም ይቀየራል። በ3,600 ዙር 10 ሳንቲ ሜትር ፑሌ የነበረው፣ በ2,000 ዙር 18 ሳንቲ ሜትር ይፈልጋል (3,600 ሲባዛ በ10፣ ሲካፈል ለ2,000)። ካልተቀየረ መፈልፈያው ይዘገያል፣ ወረፋው ይረዝማል። ፑሌውን ቶርኖ ቤት ያወጡላችኋል።

4. ከፍታ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። 1,800 ሜትር ላይ ያለ ጣቢያ 13 ጉልበት ብሎ የገዛው በተግባር 10 አካባቢ ነው። ልክክ ያለውን ሳይሆን ተረፍ ያለውን ግዙ።

ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ስለተወደደ፣ ያገለገለ ሞተር መፈለግ ነውር የለውም። ግን ሞተሩን ቀዝቃዛ ሆኖ አግኙት። ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቃችሁ ጠርጥሩ። ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ካላቆመ ዘይት እያቃጠለ ነው። የዘይት መክደኛውን ከመነሳቱ በፊት ላላ አድርጉት፤ ሲሠራ በኃይል ከተነፈሰ ፋሻው አልቋል። ዘንጉን በእጅ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት፤ ከተንቀሳቀሰ ተዉት። ባዶውን መሥራቱ ምንም አይነግራችሁም፤ ጭነት ላይ እዩት።

መለዋወጫውንም አስቡ። በአካባቢያችሁ ወፍጮ ቤቶችና የውሃ ፓምፖች ላይ የሚሠራ ዓይነት ከሆነ ፋሻውም መካኒኩም ቅርብ ነው። በዋጋ የረከሰ ግን ፋሻው ከአዲስ አበባ የሚጠበቅ ሞተር፣ በመጀመሪያው ብልሽት ከላይ ያሰላነውን ሒሳብ ያመጣባችኋል።

ለዩኒየኖች አንድ ሐሳብ፦ የአባል ማኅበራትን መፈልፈያዎች ልኬት አንድ ወረቀት ላይ ሰብስቡ። ሁለት ሦስቱ አንድ ዓይነት ከሆኑ አንድ መጠባበቂያ ሞተር በጋራ ይበቃል። ይህ ሥራ ለቀማ ሳይጀመር ነው የሚያምረው፤ እሸቱ በር ላይ ከቆመ በኋላ ዋጋ የሚተምነው ሻጩ ነው።